ማይሶር ለምትሄዱ ተማሪዎች፦ አጂን ሳታገኙ እንዳትመለሱ

ይህን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ አገሬ በገባሁ ማግስት ነበር። ሁለት ዓመት ዘገየሁ። ሰሞኑን አንዲት ልጅ ለዶክትሬት ሕንድ፣ ማይሶር ልትሄድ ነው። «ምን ይዤ ልሂድ?» ስትለኝ ቀድመው ትዝ ያሉኝ በርበሬና ሽሮው ሳይሆኑ አጂ ናቸው። ስለዚህ ምስጋናውንም ጥቆማውንም አንድ ላይ ልጻፈው አልኩ።

አጂ በካነዳ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ካነዳ የማይሶር ሰዎች ቋንቋ ነው፤ በረዷማውን አገር እንዳታስቡ። ስማቸውን አልጽፍም፤ አደባባይ ላይ መውጣት አይወዱም። ጡረታ የወጡ የሳንስክሪት፣ የጥንቱ የሕንድ ቋንቋ፣ መምህርት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ቤታቸው ጣሪያ ላይ ጥቂት ሰው ሰብስበው ዮጋና ሜዲቴሽን ያስተምራሉ። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፣ ልብስም በርበሬም የሚሰጣበት።

እሳቸው ጋ የሄድኩት ፍልስፍና ፈልጌ አልነበረም። እንቅልፍ አጥቼ ነው። እዚያ የትምህርቴ ሦስተኛ ዓመት ነበር። ድጎማው ዘግይቷል። አማካሪዬ የመመረቂያ ጽሁፌን ምዕራፍ ሁለት ለአራተኛ ጊዜ መልሰውልኛል። ሌሊት ኮርኒስ ላይ እንዳፈጠጥኩ ይነጋል። በዚያ ላይ ጀርባዬ። አከራዬ አይታ አይታ «ሦስተኛው ቤት አጂ አሉልሽ፣ ሂጂ» አለችኝ።

ከዚያ በፊት አንድ ቦታ ሞክሬ ነበር። የት እንደሆነ ይቅር። በሰባት ቀን «ንቃተ ህሊናሽ ይሰፋል፣ ሦስተኛ ዓይንሽ ይከፈታል» ብለው የሁለት ወር የቤት ኪራዬን ተቀበሉኝ። የሰፋ ነገር ቢኖር የኪሴ ቀዳዳ ነው።

አጂ ጋ የመጀመሪያው ቀን አይረሳኝም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል። ሰሌን ተነጥፏል። እግሬን አጣጥፌ ልቀመጥ ስል ጉልበቴ እምቢ አለ። ምንም ሳይሉ ወደ ታች ወርደው የፕላስቲክ ወንበር ይዘው መጡ። አፈርኩ። «መጽሐፉ አቀማመጥሽ ጽኑና ምቹ ይሁን ነው የሚለው። መሬት ላይ ይሁን አላለም» አሉኝ። መጽሐፉ የሚሉት ፓታንጃሊ የሚባለው የጥንት ሕንዳዊ ሊቅ የጻፈውን የዮጋ መጽሐፍ፣ ዮጋ ሱትራን ነው። እንደ አቆጣጠሩ 195 ወይም 196 አጫጭር አንቀጾች አሉት። ስለ አቀማመጥ በቀጥታ የሚያወሩት 3 ብቻ ናቸው። እኔ ደግሞ ዮጋ ማለት በጭንቅላት መቆም ይመስለኝ ነበር!

ሰዓት የለም፣ ደወል የለም። ታች ወጥ ቤት ምራታቸው ሩዝ ጥዳለች፣ በዚያ በሚያፏጨው ድስት። «ሦስት ጊዜ እስኪያፏጭ ተቀመጪ። ትንፋሽሽን ተከተዪ። ሐሳብ ይዞሽ ሲሄድ አትናደጂ፣ ተመለሽ በቃ» አሉኝ። ትምህርቱ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ፉጨት እስኪመጣ ስንት አገር እንደዞርኩ! ምዕራፍ ሁለት፣ የእናቴ ደም ግፊት፣ ያልታጠበ ልብስ። ሁለተኛው ላይ ስለ ሩዙ ማሰብ ጀመርኩ። ሦስተኛው ሲያፏጭ እንደ ተፈታ እስረኛ ዘልዬ ተነሳሁ። ከወር በኋላ «አሁን ወደ ሽምብራ አልፈሻል» አሉኝ። ሽምብራ ስምንት ፉጨት ነው። የመመረቂያ ጋውኔን ስለብስ እንኳ እንደዚያ አልኮራሁም።

እንቅልፌ በሳምንት አልተመለሰም። ሦስት ወር ግድም ፈጀ። ስነጫነጭባቸው አንድ አንቀጽ ያነቡልኛል፦ ልምምድ የሚጸናው ረጅም ጊዜ፣ ሳይቋረጥ፣ ከልብ ሲሆን ነው የሚለውን። ይህንኑ ለምዕራፍ ሁለትም ተጠቀምኩበት፣ እውነቴን ነው።

አንድ ቀን የዚያን የሰባት ቀን ነገር አንስቼ «ግን ንቃተ ህሊና እውነት ይሰፋል?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። በሳሪያቸው ጫፍ ጠረጉት። መልሰው አጠለቁትና «አሁን ዓይኔ ሰፋ?» አሉኝ። ከዚያ አስረዱኝ። በፓታንጃሊ ትምህርት ተመልካችና የሚታይ አለ፤ ፑሩሻና ፕራክሪቲ ይሏቸዋል። ሐሳብ፣ ትዝታ፣ ፍርሃት፣ «እኔ» የምንለው ራሱ ሳይቀር ከሚታየው ወገን ነው። ተመልካቹ አይጨመርበትም፣ አይቀነስለትም። የመጽሐፉ ሁለተኛ አንቀጽ ዮጋን የሐሳብን መናወጥ ማብረድ ይለዋል። ሦስተኛው ያኔ ተመልካቹ በገዛ ማንነቱ ያርፋል ይላል። ስለዚህ ሥራው መስተዋቱን መጥረግ ነው። መጽሐፉ ስለ ልዩ ኃይል የሚያወራ ምዕራፍ አለው፣ አዎ። እዚያው ውስጥ ግን እነዚህ ኃይሎች ለጥልቁ ተመስጦ እንቅፋት ናቸው ተብሎ ተጽፏል። «የሚሸጡልሽ እንቅፋቱን ነው» ብለው ሳቁ።

ደግሞ በቦታው ይኮራሉ፣ ሊኮሩም ይገባል። ማይሶር ተራ ከተማ አይደለችም። ክሪሽናማቻሪያ የሚባሉት መምህር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጃጋንሞሃን ቤተ መንግሥት ውስጥ በንጉሡ ድጋፍ የዮጋ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ዮጋን በዓለም ካስተዋወቁት መምህራን አየንጋርም ፓታቢ ጆይስም የእሳቸው ተማሪዎች ናቸው። ዛሬ አሜሪካም አውሮፓም ጂም ውስጥ የሚሠራው እንቅስቃሴ ብዙው ዘሩ ከዚያ ነው። እኔም በበኩሌ አልተሸነፍኩም። ዩኔስኮ ዮጋን የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው፣ የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ስብሰባ ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። የልጅ ልጃቸው በስልኩ ፈልጎ ካሳያቸው በኋላ ግን ለመጣው ሰው ሁሉ የሚያወሩት እሱን ሆነ።

አሁን ብዙዎቻችሁ ልትጠይቁኝ ወደምትፈልጉት ልምጣ። እናቴም በስልክ መጀመሪያ ያለችኝ «ልጄ፣ የባዕድ አምልኮ እንዳይሆን» ነው። ለአጂ በግልጽ ነገርኳቸው፦ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ዝማሬም ስግደትም አልገባም። ስፖርት ብቻ ነው ብለው አልሸነገሉኝም። ሥሩ የእነሱ እምነት ውስጥ መሆኑን፣ ሱትራው ራሱ ኢሽቫራ ስለሚሉት አምላክ እንደሚናገር ነገሩኝ። «አንቺ ትንፋሽሽን ውሰጂ፣ ሌላውን ለእኔ ተዪው» አሉ። ሌሎቹ ኦም የሚለውን የእምነታቸውን ቅዱስ ድምፅ ሲያሰሙ እኔ ዝም እላለሁ፤ አንድም ቀን ፊታቸው አልተቀየረም። ንስሐ አባቴንም ደውዬ ጠየቅኋቸው። «ጀርባሽን አፍታቺ፣ ከጸሎትሽ ግን እንዳያርቅሽ» አሉኝ። ይህ የእኔ ነው። እናንተ የራሳችሁን ጠይቁ።

ጾም ሲገባ ደግሞ ጉድ ነው። ሥጋ ቤታቸው አይገባም፤ ቅቤና እርጎ ግን የማይነካው ምግብ የለም። ለሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ የእኔን ምስር ለብቻ በዘይት አስደረጉልኝ። ምራታቸው አጉረምርማ ይሆናል፤ ከሆነ ይቅር ትበለኝ።

ከሁሉም በላይ ያከበርኳቸው ግን ልካቸውን በማወቃቸው ነው። አንድ ሰሞን ጀርባዬ ብሶ እግሬን ሲያደነዝዘኝ ማስተማሩን አቁመው «ይህ የጣሪያ ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ቤት» ብለው ላኩኝ። ውጤቱን ካላየሁ ብለው ሰሌኑን እንኳ አላስነጠፉኝም። ጀማሪን ትንፋሽ አያስይዙም። ደም ግፊት ካለባችሁ ወይም እርጉዝ ከሆናችሁ መጀመሪያውኑ ንገሯቸው፣ አሠራሩን ይቀይሩላችኋል።

እንከን የላቸውም አልልም። አምስት ደቂቃ ካረፈዳችሁ በሩ ተቆልፏል፤ ደጅ ቆሜ የሌሎቹን ፉጨት የቆጠርኩበት ቀን አለ። ወሬም ይወዳሉ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ክፍያው በወር 500 ሩፒ ነበር። ድጎማው ዘግይቶ ሦስት ወር ሳልከፍል ስቀመጥ አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም። ስከፍልም አልቆጠሩትም።

አጂ፣ አማርኛ እንደማያነቡ አውቃለሁ። የልጅ ልጅዎ በስልኩ አስተርጉሞ ያነብልዎታል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እዚህም በየጠዋቱ እቀመጣለሁ፤ ድስቴ ስለማያፏጭ የስልክ ደወል ሆኗል ጓደኛዬ።

ማይሶር የምትሄዱ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ቡና ያዙላቸው፣ የተቆላ ግን ያልተፈጨ። እዚያ ቡናውን ከቺኮሪ፣ ተቆልቶ ከሚፈጭ የተክል ሥር፣ ቀላቅለው በወተት ነው የሚጠጡት። የኛን እንዳይቀላቅሉት ብትነግሯቸው እሺ ይላሉ፣ ዞር ስትሉ ይቀላቅሉታል።