የባህል ምሽት ወይስ የሆቴል እራት? አዲስ አበባ ውስጥ ለልዩ ቀን የት ይሻላል

እማዬና አባዬ ከተጋቡ በዚህ ወር 40 ዓመት ይሞላቸዋል። እህቴ "ደህና ቦታ እራት እንጋብዛቸው" ካለች ጀምሮ የቤቱ ወሬ ይኸው ሆኗል። ታናሽ ወንድማችን ዮድ አቢሲኒያ ይላል። እሷ ሸራተን ትላለች። ሁለቱንም ዓይነት ቦታ ስለማውቃቸው ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ልደት ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ላለባችሁም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ምሽቱ ለማየት ነው ወይስ ለማውራት? ምግቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህን የተማርኩት አባዬ ጡረታ የወጣ ጊዜ ነው። አንድ የታወቀ የባህል ምግብ ቤት ወሰድነው። ምግቡ ጥሩ፣ አስተናጋጆቹም ትሁት ነበሩ። ጠረጴዛችን ግን ስፒከሩ ፊት ለፊት ነበር፤ አባዬ ደግሞ አንድ ጆሮው እንደ ድሮው አይሰማም። ስለ ሥራ ዘመኑ ሊያጫውተን ያሰበውን ሁሉ በልቡ ይዞ አመሸ። ጨዋታውን የጀመረልን ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። ቤታችን ደግሞ ቅርብ ነው።

የባህል ምሽት ቤቶችን ስል ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለውን ዮድ አቢሲኒያን፣ ቶቶትን፣ ሀበሻ 2000ንና የመሳሰሉትን ነው። እዚያ የሚከፈለው ለመድረኩም ጭምር ነው። የጎንደርና የጎጃም እስክስታ፣ የትግራይ፣ የኦሮሞ፣ የጉራጌና የወላይታ ጭፈራ በአንድ ምሽት ተራ በተራ ይቀርባል። ሞቅ የሚለው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሆነ ቀደም ብሎ የደረሰ በልቶም አውርቶም ይጨርሳል። ምግቡ በመሶብ ነው የሚቀርበው። ክትፎው፣ ዶሮ ወጡ፣ በብርሌ የሚመጣው ጠጅ አለ። ለብዙ ዓመት ከአገር ርቆ ለኖረ ዘመድ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ልጆችም አይሰለቹም፤ ቁጭ በል ቁጭ በይ ማለት የለም።

ሌላም ነገር አለ። ከአንድ ማዕድ መብላት በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሆቴል ውስጥ ለየራስ ሳህን ተቀምጦ፣ ሹካና ቢላ ተደርድሮ፣ እማዬ ማንን ታጉርስ? እሷን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

አቀማመጡን ግን አስቡበት። ብዙዎቹ ዝቅ ያለ በርጩማና መሶብ ነው ያላቸው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ሁለት ሰዓት እዚያ ላይ መቀመጥ ቅጣት ነው። መደገፊያ ያለው ወንበር ስትይዙ ካልጠየቃችሁ ስትደርሱ ላታገኙ ትችላላችሁ።

ትልልቆቹ ሆቴሎች ሌላ ዓለም ናቸው። ሸራተን አዲስ ከተከፈተ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው "ትልቅ እራት" ሲባል ስሙ ይነሳል። እዚያው ግቢ ውስጥ ስታጂዮኒ የጣሊያን፣ ሻሂን ደግሞ የህንድ ምግብ ያቀርባሉ። መስቀል አደባባይ ሃያት አለ። ቦሌ አየር ማረፊያ አጠገብ የአየር መንገዱ ስካይላይት አለ፤ ለሽኝትና ለአቀባበል እራት የሚመቸው እሱ ነው። እነዚህ ቤቶች ውስጥ የሚገዛው ጸጥታ ነው። ድምፅ ሳያነሱ ማውራት ይቻላል። አስተናጋጁ ሳህን ለማንሳት አይቸኩልም። ሊፍቱ፣ መኪና ማቆሚያው፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤቱ በተለይ አዛውንት ለያዘ ሰው ዋጋ አላቸው። ቀለበት ለማሰር ያሰበ ወጣትም ቃሉ የሚሰማው እዚህ ነው።

የከተማውን መብራት እያዩ መብላት ለሚፈልጉ ደግሞ እንደ ቶፕ ቪው ያሉ ኮረብታ ላይ የተቀመጡ ቤቶች አሉ። ለጥንዶች ደስ ይላሉ። አዲስ አበባ ሲመሽ እንደምትበርድ ግን አትርሱ፤ ደጅ ለመቀመጥ ካሰባችሁ ሹራብ ያዙ። በክረምት ባይሞከር ይሻላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ላይ ልምጣ፤ ጾም። ቀኑ ረቡዕ ወይም አርብ ከዋለ፣ ወይም በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ ከሆነ፣ የባህል ቤቱ በበያይነቱ ያለ ጭንቀት ይበላል። ሆቴል ውስጥ ግን መጠየቅ ግድ ነው። ፓስታ በቲማቲም ሶስ ስለተባለ ብቻ የጾም አይሆንም። እዚያው ቤት የሚሠራው ትኩስ ፓስታ ብዙ ጊዜ በእንቁላል ነው የሚቦካው፤ ደረቁ የፋብሪካ ፓስታ ይሻላል። የአትክልት ሾርባውም በቅቤ ወይም በዶሮ መረቅ ሊሠራ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ አጥባቂ ጿሚ በሁዳዴ ጭፈራ ፊት መቀመጥ ላይፈልግ ይችላል። ወላጆቻችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በድንገት ለማስደሰት ብላችሁ አታስጨንቋቸው።

ከእንግዶቹ መካከል ሙስሊምም ክርስቲያንም ካለ የእርዱ ጉዳይ አለ። ቤቱ ሥጋውን ከየት እንደሚያመጣ መጠየቅ ነውር የለውም። እኛ ጓደኞቻችንን ስንጋብዝ ዓሣና የጾም ምግብ በብዛት እናዝዛለን፤ ሁሉም ከአንድ ማዕድ ይበላል። በእኔ እምነት ለእንዲህ ያለ ምሽት በያይነቱን የሚያህል የለም።

ወደ ሒሳቡ። ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ ላይሆን ይችላል። ትልልቆቹ ቤቶች ብዙ ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ፤ ከዚያ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል። እንበልና አራት ሰው 6,000 ብር በላ። አገልግሎቱ ሲደመር 6,600፣ ታክሱ ሲጨመርበት 7,590 ብር ይሆናል። መጠጡም እንደዚያው ነው። "ዋጋው ታክስና ሰርቪስን ያካትታል?" ብሎ በስልክ መጠየቅ ከሐፍረት ያድናል። የባህል ቤቱ በጥቅሉ ረከስ ይላል፤ አንዱ የሥጋ ማህበራዊ ለብዙ ሰው ይበቃል። ሆቴል ውስጥ ግን ለየራስ ስለሚታዘዝ ሰው በጨመረ ቁጥር ሒሳቡ እኩል ያድጋል። ስለዚህ ከስምንት ሰው በላይ ከሆናችሁ የባህል ቤት፣ ከአምስት በታች ከሆናችሁ ሆቴል እላለሁ። በመሀል ያላችሁ ግን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለሱ።

ለሁለቱም ቢሆን ጠረጴዛ ቀድማችሁ ያዙ፤ በተለይ ለቅዳሜ ማታ። ስትደውሉ የምትቀመጡበትን ጥግ ጭምር ተናገሩ። ባህል ቤት ከሆነ ከስፒከሩ ራቅ ያለ፣ መድረኩ ግን በጎን የሚታይበት። ሆቴል ከሆነ ከቡፌውና ከወጥ ቤቱ በር ራቅ ያለ። ኬክ ከውጭ ማስገባት ይቻል እንደሆነም ጠይቁ፤ የማይፈቅዱ አሉ፣ ፈቅደው የሚያስከፍሉም አሉ።

የእኛው ጉዳይ እንዲህ አለቀ። ስድስት ነን። አባዬ ማውራት ይፈልጋል፣ እማዬ ማጉረስ ትፈልጋለች። ቀኑ አርብ ስለዋለ ወደ ቅዳሜ አዛወርነው። እራቱ ሆቴል ይሆናል፤ የጥግ ጠረጴዛ ይዘናል። እሁድ ምሳ ደግሞ እህቴ ቤት፣ በመሶብ። ዶሮውን እኛ ልጆቿ እንሠራለን፤ እማዬ ማጉረስ ብቻ ነው ሥራዋ።