ኦኤም-1 ካሜራ በናጋኖ ተራሮች፦ ከአራት ወቅት በኋላ

ጃፓን ውስጥ ባሉት የናጋኖ ተራሮች ላይ ካሜራን ቶሎ የሚጎዳው እርጥበት ነው። ጹዩ የሚባለው የጃፓን የዝናብ ወቅት ሰኔ ሲገባ ይጀምርና ሐምሌ አጋማሽ ላይ ያበቃል፤ የእኛ ክረምት ሲከፋ የእነሱ ያባራል። ዝናቡ ቢያቆምም ነሐሴን ሙሉ አየሩ ይታፈናል፣ ከሰዓት በኋላም ተራራውን ጉም ይውጠዋል። ስለዚህ ኦኤም ሲስተም የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን ኦኤም-1 ካሜራ ከሁለት ሌንሶች ጋር ዓመት ሙሉ ስንጠቀምበት ከሁሉ በፊት የመዘንነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ረጥቦም ይሠራል ወይ? ይሠራል። ግን ልክ አለው፤ ልኩን ሳያውቁ መግዛት ያስከፍላል።

ካሜራው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የመጀመሪያው ሞዴል ነው። ከባትሪና ከካርድ ጋር 599 ግራም ይመዝናል። ሌንሶቹ 12-40 ሚሜ ኤፍ 2.8 ፕሮ 2 እና 40-150 ሚሜ ኤፍ 4 ፕሮ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 382 ግራም። ድምሩ 1,363 ግራም ይመጣል። በፉል ፍሬም (በትልቁ የ35 ሚሜ ሴንሰር) ስሌት ከ24 እስከ 300 ሚሜ ያለውን እይታ ይሸፍናሉ፤ የሁለቱም የፊልተር መግጠሚያ 62 ሚሜ ስለሆነ አንድ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ፊልተር) ለሁለቱም ይበቃል። የተራራ ጉዞ መነሻው ካሚኮቺ የግል መኪና አይገባም፤ መኪናን ሳዋንዶ አቁሞ በአውቶቡስ ነው የሚገባው። ከዚያ፣ 1,500 ሜትር ላይ ተነስቶ 2,300 ሜትር ላይ ወዳለው ካራሳዋ ለመድረስ 6 ሰዓት ገደማ በእግር ይኬዳል። በመስከረም ማብቂያ ቅጠሉ ሲቀላ ለማየት የሚወጣ ሰው ምግብና ሙቅ ልብስም ስለሚሸከም እያንዳንዱ መቶ ግራም ትከሻ ላይ ይታወቃል።

ትልቁ ቁጠባ ግን ትሪፖዱ ነው። የካሜራው የንዝረት መቆጣጠሪያ በጣም ጠንካራ ስለሆነ 12 ሚሜ ላይ በእጅ ይዞ ግማሽ ሰከንድ፣ ተረጋግተው ከቆሙ 1 ሰከንድም ስለታም ምስል ይወጣል። ክርንን ከጎን ማጣበቅ፣ ግማሽ ትንፋሽ አውጥቶ መያዝ፣ ሦስት አራት ፍሬም በተከታታይ ማንሳትና ጥሩውን መምረጥ ነው። ለወራጅ ውኃ ላይቭ ኤንዲ የሚባለው አለ፤ ካሜራው ብዙ ፍሬሞችን ደራርቦ እስከ ኤንዲ 64 ድረስ የጥቁር ፊልተር ውጤት ይሰጣል። የሚሠራው የሻተሩን ፍጥነት ፎቶ አንሺው ራሱ በሚመርጥባቸው በኤስ እና በኤም ሞድ ብቻ ነው፤ ኤንዲው በበረታ ቁጥርም ሻተሩ መዘግየት አለበት። ፖላራይዘርን ግን አይተካም። እርጥብ ቅጠልና ድንጋይ ላይ የሚያብለጨልጨውን ነጭ ብርሃን የሚያነሳው እውነተኛው መስታወት ብቻ ነው፤ ጃፓን ጫካ ውስጥ ያለ ፖላራይዘር አረንጓዴው ሁሉ አመድ ይለብሳል።

ካሜራው ዋጋውን የሚያወጣበት ቦታ ቢጠየቅ ሺራኮማ ኩሬ ዙሪያ ያለው ጫካ ነው፤ ሰሜን ያትሱጋታኬ ውስጥ፣ 2,115 ሜትር ላይ። ድንጋዩንና የወደቀውን ግንድ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት (ሞስ) እንደ ምንጣፍ ሸፍኖታል፤ በሽበቱ ቀጭን አገዳ ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ ተንጠልጥላ ከጀርባዋ ያለውን ጫካ ገልብጣ ታሳያለች። 12-40ው ከሴንሰሩ 20 ሴንቲሜትር ድረስ ስለሚጠጋ ማክሮ ሌንስ ሳይያዝ ይህንን ማንሳት ይቻላል። ጠብታዋም ከኋላዋ ያለው ግንድም ጥርት እንዲሉ ፎከስ ስታኪንግ ይከፈታል፤ ካሜራው ፎከሱን እያንቀሳቀሰ እስከ 15 ፍሬም አንስቶ ራሱ ያዋህዳል። ሦስት ነገር ያበላሸዋል፦ ነፋስ፣ ምስሉን ጠርዝ ድረስ አጥብቦ ማንሳት (ሲያዋህድ ዳር ዳሩን ስለሚከረክም ሰፋ አድርጎ ማንሳት ያስፈልጋል)፣ እና ፎከሱን ከመሃል መጀመር። ከቅርቡ ጫፍ ትንሽ ቀደም ብሎ መጀመር ይሻላል። የተዋሃደው ምስል ጄፔግ ብቻ ነው፤ ራው (ያልተቀነባበረ ፋይል) የሚፈልግ ፍሬሞቹን ቤት ወስዶ በኮምፒውተር ያዋህዳል።

ስለ ውኃ መቋቋሙ። የአካሉ የመከላከያ ደረጃ አይፒ53 ነው፤ 5ቱ ለአቧራ፣ 3ቱ ከላይና በሰያፍ ለሚረጭ ውኃ። ወንዝ ውስጥ መውደቅን፣ በቧንቧ መታጠብን አይመለከትም። ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ይህ ነው፦ ደረጃው የሚጸናው የተገጠመው ሌንስም ያንኑ ደረጃ ሲይዝ ብቻ ነው። ከላይ የተጠቀሱት ሁለቱ ይይዛሉ፤ ርካሽ ሌንስ ከተገጠመ ግን ውኃው በመግጠሚያው ቀለበት በኩል ሊገባ ይችላል። የባትሪውና የካርዱ በር፣ የዩኤስቢ ሲ ክዳኑም እስከ መጨረሻው መዘጋት አለባቸው፤ የጎማ ክዳኑ ጫፍ ላይ አንዲት ቅንጣት አሸዋ ካለች ማኅተሙ የለም ማለት ነው። ሁለቱም ሌንሶች ለማንሳት ሲዘረጉ ይረዝማሉ። የረዘመውን ክፍል ሳይጠርጉ መልሶ መሰብሰብ ውኃውን ወደ ውስጥ መጎተት ነው፤ መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ዙሪያውን መጥረግ፣ ከዚያ መሰብሰብ። በዝናብ ውስጥ ሌንስ መቀየር ፈጽሞ አይመከርም፤ ማለዳውኑ አንዱን መርጦ እሱን ይዞ መዋል ይሻላል።

ከዝናቡ ይልቅ የሚያስቸግረው ጤዛ ነው። ጥር ላይ ሰሜን ያትሱጋታኬ ውስጥ በኬብል መኪናው 2,237 ሜትር ላይ ተወጥቶ በብርድ ከተዋለ በኋላ ወደ ሞቀው ማረፊያ ቤት ሲገባ ቀዝቃዛው መስታወት የክፍሉን እንፋሎት ይስባል። ከበሩ ውጭ ሳሉ ባትሪና ካርዱን አውጡ፤ ካሜራውን ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ክተቱና አየሩን ጨምቃችሁ ዝጉ፤ ከረጢቱን ከቦርሳው ሳታወጡ ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ተዉት። ጤዛው ከረጢቱ ላይ ይቀራል። በረዶ ላይ ሳላችሁ በመመልከቻው በኩል አትተንፍሱ፤ ትንፋሹ እዚያው ይረጋል።

ባትሪው በፋብሪካው መለኪያ 520 ፍሬም ይሰጣል፤ ካሜራው እስከ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ተፈትኗል። ብርድ ላይ በዚያ ቁጥር መተማመን አይቻልም። ሁለት ትርፍ ባትሪ በውስጥ ኪስ፣ ገላ አጠገብ ይያዙ። ብርዱ ያደከመውን አውጥቶ ማሞቅ ነው፤ ሲሞቅ ኃይሉ በከፊል ይመለሳል። ለበረዶ መጋለጫውን (የምስሉን ብርሃን የሚጨምረውን ማስተካከያ) ከ1 እስከ 1.7፣ ለጉም ከ0.7 እስከ 1 ከፍ አድርጉ፤ አለዚያ ነጩ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ጉም ውስጥ አውቶፎከስ ከጠፋበት የአንድ ግንድ ጠርዝ ፈልጎ እሱ ላይ መያዝ ይበቃል።

ጉድለቱ ሴንሰሩ ትንሽ መሆኑ ነው። 20 ሜጋፒክስል፣ 5184 በ3888፤ በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 44 በ33 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ግድግዳ የሚሞላ ህትመት የሚፈልግ በእጅ የሚነሳውን የ50 ሜጋፒክስል ሞድ ይጠቀማል፤ ነፋስ ቅጠል ሲያወዛውዝ ግን አይረዳም። የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 11ን አሻግሮ ማጥበብ ስለቱን ይቀንሰዋል፤ ለመልክዓ ምድር ኤፍ 5.6 በቂ ጥልቀት አለው። ጨለማ ጫካ ውስጥ አይኤስኦው (የሴንሰሩ የብርሃን ትብነት) 1600ን ሲያልፍ ጥላው ላይ ፍርፋሪ ይታያል። ዋና ሥራው ከዋክብት የሆነ ሰው ትልቅ ሴንሰር ቢገዛ ይሻለዋል። ሰማዩንና መሬቱን በካሜራው ውስጥ የሚያመጣጥነው ላይቭ ጂኤንዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው በተተኪው ማርክ 2 ላይ ነው ያለው፤ በዚህኛው የለም። ይህንን አሮጌውን ያገለገለ ለመግዛት ካሰባችሁ የጎማ ክዳኖቹንና የበሩን ማኅተም በጣታችሁ ዳሳችሁ እዩ፤ የላላ ከሆነ ተዉት።

ቤት ሲገባ ነገሩ አያልቅም። ሞቃቱና እርጥቡ የጃፓን በጋ ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል፤ መስታወቱን በባትሪ መብራት በሰያፍ ሲያዩት እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋው እሱ ነው። ውድ የእርጥበት መቆጣጠሪያ ካቢኔ ከሌለ ክዳኑ በደንብ የሚዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን፣ አንድ እፍኝ ሲሊካ ጄልና ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይበቃሉ። ንባቡን ከ40 እስከ 50 በመቶ መሃል አቆዩት፤ 60ን ካለፈ ሻጋታ ይመጣል፣ በጣም ከደረቀም ለጎማውና ለቅባቱ አይበጅም። ከጉዞ የተመለሰ ካሜራ ግን ወዲያው ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። ሌሊቱን ከማንገቻውና ከሌንስ ኮፍያው ተላቆ ጠረጴዛ ላይ ይደር፤ ማንገቻው የያዘው ውኃ ሳጥኑን በአንድ ሌሊት 70 በመቶ ያደርሰዋል።