የእጅ ዋጋው የረከሰ ጣሪያ ሠሪ ከመጣላችሁ ተጠንቀቁ

ጅማ ያላችሁ፣ ጣሪያ ልታስቀይሩ፣ ኮርኒስ ልታስመቱ ወይም ልስን ልታሳድሱ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይቺን አንብቧት። የእጅ ዋጋው ከሌላው ሁሉ በጣም ወርዶ «ዕቃውን እኔው ልግዛላችሁ፣ የማውቀው ሱቅ አለ፣ በቅናሽ ይሰጠኛል» የሚል ሰው ከመጣ፣ ቡናውን አጠጥታችሁ በሰላም ሸኙት። ይሄ ሰው የሚያተርፈው ከእጁ አይደለም። ከዕቃው ነው።

የኛን ልንገራችሁ። እናቴ የምትኖርበት ቤት የድሮ የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ተለስኖ ቀለም ተቀብቶ ደህና ነው፣ ቆርቆሮው ግን ዝጎ አልቆ ነበር። ዋጋ የተጠየቁት ሁሉ ተቀራራቢ ብር ሲጠሩ፣ በደላላ የመጣው አንዱ ብቻ ወደ ግማሽ ወረደላት። አፉ ደግሞ ማር ነው። «ማዘር፣ እኔ እያለሁ ምን ታስቢያለሽ፣ የራሴ እናት ቤት አድርጌ ነው የምሠራልሽ» ይላታል። ስልኩን አውጥቶ ሠራኋቸው የሚላቸውን ጣሪያዎች ፎቶ አሳያት፣ ያማሩ ናቸው፣ የት ሰፈር እንደሆኑ ግን አልተናገረም። ወረቀት ላይ ባለ 32 ጌጅ (የውፍረት ቁጥሩ ነው) ቆርቆሮ፣ ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት)፣ ሚስማር፣ አሸንዳ፣ ለኮርኒሱ ቺፕውድ ብሎ ዘረዘረና አብዛኛውን ብር «ለዕቃ» ብሎ ወሰደ።

ዕቃው ሲራገፍ ቆርቆሮው ላይ 35 የሚል ምልክት አለ። ጠየቀችው። ምን ቢላት ጥሩ ነው? «32 ከገበያ ጠፍቶ ነው ማዘር፣ ከፍ ያለውን አመጣሁልሽ፣ በዚያው ዋጋ።» መርቃው ገባች።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ቆርቆሮው እየሳሳ ነው የሚሄደው። 28 ወፍራም ነው፣ 30 ከሱ ይሳሳል፣ 32 ከ30 ይሳሳል፣ 35 ከሁሉም የሳሳው ነው፣ በዋጋም ርካሹ እሱ ነው። ስለዚህ «ከፍ ያለውን አመጣሁልሽ» ያላት ሰው ርካሹን አምጥቶ፣ ልዩነቱን ኪሱ ከቶ፣ በላዩ ላይ ምርቃት ተቀበለ። ጎበዝ ነው መቼም።

ሥራው ቶሎ አለቀ። አዲስ ቆርቆሮ ደግሞ ምንም ይሁን ምን ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አላት። የጅማን ዝናብ ግን ታውቁታላችሁ። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወርድበት ከተማ ነው፣ ክረምት እስኪገባ እንኳን አይጠብቅም፣ ከመጋቢት ጀምሮ ይጀማምረዋል። ደህና ዝናብ እንደጣለ አዲሱ ኮርኒስ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ወጣ። በሚቀጥለው ክቡ ሰፋ፣ ከጎኑ ሌላ ተጨመረ፣ ከዚያ ቺፕውዱ ውኃ ጠጥቶ ሆዱ ተነፋና አንድ ሌሊት ጥጉ ተቀዶ ቁምሳጥኑ ላይ ወረደ።

ሰውየው ሲደወልለት መጀመሪያ «ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ስለሆነ ነው» አለ። ቀጥሎ «የፋብሪካው ችግር ነው» አለ። ከዚያ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ደላላው ደግሞ «እኔ አገናኘሁ እንጂ አልሠራሁ» ብሎ እጁን ታጠበ።

አንድ በዕድሜ የገፉ አናጢ ለምነን ጣሪያው ላይ ወጡልን። ከላይ ሆነው ብቻቸውን ያጉረመርማሉ። ያዩትን ልዘርዝረው፣ ምክንያቱም እናንተም መሰላል አቁማችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ሚስማሩ የተመታው የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሳይሆን ውኃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ ነው። ጉብታ ላይ የተመታ ሚስማር ውኃው በጎንና በጎኑ ያልፈዋል፣ ቦይ ውስጥ የተመታ ግን ለውኃው በር ከፍቶ መስጠት ማለት ነው። ግማሹ ሚስማር ጎማ የለውም። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ከላይ ወደ ታች ሲደራረብ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መሆን ሲገባው እኛ ጋ አራት ጣት እንኳን የማይሞላበት ቦታ አለ፣ እንዲህ የሆነው ደግሞ ቆርቆሮው ስላነሰ ነው፣ ያነሰውም ለቆርቆሮ የተሰጠው ብር ሁሉ ስላልተገዛበት ነው። አንዷን ነቅለው አወረዱና ጠርዟን በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት እጥፍ አለ። «ይሄማ ለሽንት ቤት ነው ልጄ» አሉኝ።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳችሁ። የሚያውቀው ሱቅ የሚባለው ለሱ ኮሚሽን የሚይዝለት ሱቅ ነው። ደላላውም ከዚያው ይቀምሳል። ደረሰኝ ስትጠይቁ ወይ የለም፣ ወይ በእስክሪብቶ የተሞላ ቁራጭ ወረቀት ይመጣላችኋል። በዚያ ላይ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የግንባታ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አልረጋም፣ ስለዚህ «ትናንት ጨመረ» ቢላችሁ ማን ይከራከረዋል? እውነት ይሁን ውሸት ለማወቅ ራሳችሁ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወርዳችሁ ሁለት ሦስት ሱቅ መጠየቅ ብቻ ነው ያለው መንገድ።

ጣሪያ ብቻም እንዳይመስላችሁ። ኤሌክትሪክ ስታስገቡ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለእንጀራ ምጣድ ደግሞ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው የሚሳበው፣ ግድግዳ ውስጥ ከተቀበረ በኋላ ግን ምን እንደተሳበ የሚያይ የለም፣ ምጣዱ ሲጣድ ሽቦው ግሎ ፕላስቲኩ ሲሸት ነው የምታውቁት። ሲሚንቶም ያው ነው፣ 50 ኪሎው ከረጢት ሙሉውን ገብቶ ግማሹ በአጥር ይወጣል፣ ልስኑ በጣት ሲታሽ የሚራገፈውም ለዚህ ነው። ባዶ ከረጢቱን ጠብቃችሁ ቁጠሩ። ቀለም ላይ ውኃ መጨመርማ ስንቱን አውርቼ።

እና ምን ይደረግ? ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ። በቃ፣ ዋናው እሱ ነው። ባለሙያው ዝርዝር ይጻፍላችሁ፣ ዝርዝሩን ለሌላ ባለሙያ አሳዩት፣ ከዚያ ሂዱና ግዙ። ቆርቆሮ ስትገዙ ምልክቱን ብቻ አትመኑ፣ እኩል ርዝመት ያላቸውን ባለ 32 እና ባለ 35 አንዳንድ አስመዝኑ፣ ሚዛን አይዋሽም። ሐቀኛ የሆነ ሠራተኛ ዕቃውን እናንተ ስትገዙ አይከፋውም፣ እንዲያውም «ዕቃ አጠፋ» ከመባል ይድናል። ፊቱ የሚጠቁረው የእጅ ዋጋውን ያረከሰው ነው። የሚጠቁረውን ስታዩ ሌላ ፈልጉ።

ብር ደግሞ ከሥራው አይቅደም። ማገርና ሞራሌው ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ቆርቆሮው ሲመታ ይህን ያህል፣ ቀሪው ደግሞ ጣሪያው ላይ በጎማ ውኃ ለቃችሁ ከታች ሆናችሁ ካያችሁ በኋላ። በበጋ ያሠራችሁ በተለይ ይሄን የውኃውን ነገር አትዝለሉት፣ ዝናብ ሲመጣ ሰውየው ሌላ ከተማ ነው ያለው። ክፍያውን በባንክ ወይም በቴሌብር አድርጉት፣ ምክንያት የሚለው ላይ የምን ክፍያ እንደሆነ ጻፉበት።

ወረቀት ይኑራችሁ። የመታወቂያው ኮፒ፣ ጌጁ በቁጥር፣ የሚያልቅበት ቀን፣ የሁለት ምስክር ፊርማ። ቀብድን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በቃል ብቻ ከሆነ ግን ቀብድ ነው አይደለም፣ ተቀብሏል አልተቀበለም በሚል ክርክር ነው ጊዜያችሁ የሚያልቀው። በሽምግልና እንጨርሰው ብትሉም ሽማግሌው መጀመሪያ የሚጠይቀው ወረቀቱን ነው።

ሰው ከየት ይገኛል ለሚለው፣ የኔ መልስ ከደላላ ይልቅ እድር ነው። የእድር ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብላችሁ «ጣሪያህን ማን መታልህ?» ብትሉ ከሦስት ሰው አንዱ ስም ይሰጣችኋል፣ አንዱ ደግሞ ማንን እንዳትጠሩ ይነግራችኋል፣ ሁለተኛው ይበልጥ ይጠቅማል። ጅማ እኮ በእንጨት ሥራ የታወቀች ከተማ ናት፣ በርጩማና ወንበር የሚሠሩት አናጢዎች ጋ ሄዳችሁ ጣሪያ ላይ ማን ጎበዝ እንደሆነ ጠይቁ፣ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ስም ካገኛችሁ በኋላ ፎቶ አትቀበሉ። አንድ ሙሉ ክረምት ያለፈበት ቤት ያሳያችሁ፣ እዚያ ሄዳችሁ ባለቤቱን እሱ በሌለበት አነጋግሩ። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) አለኝ ካለ ጥሩ ነው፣ ወረቀቱን እዩት፣ ግን ወረቀቱ ሰውየው ሥራውን እንደሚያውቅ እንጂ ዕቃ እንደማይሰርቅ አይመሰክርም።

ወቅቱንም አስቡበት። ጣሪያ የሚነሳው ከኅዳር እስከ ጥር ነው ይባላል፣ ደረቅ ስለሆነ ልክ ነው፣ ግን ያኔ የቡና ወቅት ስለሆነ ከተማው ውስጥ ብር ይገባል፣ ሁሉም ሰው ቤቱን ይነካካል፣ ጥሩ ጥሩዎቹ ተይዘው ያልቃሉ፣ የቀን ሠራተኛውም ለቀማ ይወጣል። ያኔ ሥራ ፈትቶ «ነገውኑ እጀምርላችኋለሁ» የሚል ጣሪያ ሠሪ ካገኛችሁ ለምን እንደፈታ ጠይቁ። ጥሩውን ሰው በመስከረም ያዙት።

እኛ ጋ አሁን የሳሎኑ በኩል ተነቅሎ በ32 እየተመታ ነው፣ እኚያው አናጢ ናቸው ከልጃቸው ጋር የሚሠሩት፣ ቆርቆሮውን አስመዝኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የተነቀለው 35 ጓሮ ተደርድሯል። ለዶሮ ቤት ወይም ለአጥር የሚፈልግ ካለ በርካሽ እንሸጣለን፣ ከፍ ያለ ነው ብለን አይደለም።