ሂተር ከመግዛታችሁ በፊት የእኔን 9,750 ብር ስሙ

ክረምት በገባ ቁጥር ስልኬ ላይ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «ሂተር የቱን ልግዛ?» ዘንድሮም እዚሁ ጎንደር ከማራኪም ከአዘዞም ተደወለልኝ። አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ ደባርቅ ነው የምታስተምረው፤ የዚያ ብርድ የጎንደርን ያስንቃል። ለሁሉም መልሴ አንድ ነው። ገንዘቡ ካለ የዘይቱን ግዙ፤ ክንፎቹ ውስጥ የታሸገ ዘይት በኤሌክትሪክ የሚያሞቀውን ማለቴ ነው። ከሌለ ባለ ዘንጉን፣ ፊቱ ላይ ግሎ የሚያበራ ዘንግ ያለውን። ማራገቢያ ያለውን ግን ተዉት።

እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ማታ ማታ በሩን ዘግታ ከሰል ትሞቅ ነበር። ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ አለው፣ ሰው ተኝቶ ይቀራል ብላት «ስንት ዘመን የሞቅነው!» ትለኛለች። አንድ ጠዋት ራሷን አዙሯት፣ ግድግዳ ይዛ ተነሣች። የዚያን ዕለት ፒያሳ ሄጄ ባለ ማራገቢያ ሂተር በ2,600 ብር ገዛሁ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ወደድኩት። ክፍሉን ቶሎ ነው የሚያሞቀው። በሁለት ወሩ ግን ማራገቢያው መንቀርፈፍ ጀመረ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ጠጋኙ 600 ብር ተቀብሎ «ፊውዙ ነው፣ ቀጥታ አገናኝቼዋለሁ» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ቤት የመጣ ሌላ ኤሌክትሪሺያን ከፍቶ ሲያየው ደነገጠ። ያ ፊውዝ ማራገቢያው ሲቆም ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ነው። እሱ ከሌለ ሽቦው በፕላስቲኩ ውስጥ እየጋለ ይቀጥላል። እናቴ አጠገቡ ትተኛ ነበር! ሂተር ስታሠሩ «ቀጥታ አገናኘሁት» የሚል ከሰማችሁ አትቀበሉ።

አልተማርኩም፤ ሁለተኛ ባለ ማራገቢያ ገዛሁ፣ 2,900 ብር። ካርቶኑ ላይ የታወቀ የጣሊያን ስም አለ። ቤት ገብቼ ሳየው አንድ ፊደሉ የተለየ ነው። 2,000 ዋት በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባል። ገመዱ ግን የስልክ ቻርጀር ገመድ ያህል ቀጭን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ስፒናው ከዲቫይደሩ ጋር ቀልጦ ተጣበቀ።

ቀጥሎ ባለ ዘንጉን ሞከርኩ፤ ሁለት ዘንግ፣ 800 ዋት፣ 3,200 ብር። ይሄን አላማም። ድምፅ የለውም። አየሩን ሳይሆን ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ነው የሚያሞቀው። ስለዚህ ቤታችሁ ኮርኒስ የሌለው፣ ንፋስ የሚያስገባ የቆርቆሮ ቤት ከሆነ እሱ ይሻላችኋል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የሞቀው አየር ሁሉ በጣሪያው ይወጣል። ዘንጉ ሲሰበር ይለወጣል፤ የእኔን የእህቴ ልጅ በኳስ ሰብሮት በ450 ብር ቀየርኩ። የፈራሁት ሌላ ነው። እናቴ አጠገቡ ስታንቀላፋ የጋቢዋ ጫፍ ጠቆረ። ደግሞ ሲወድቅ ራሱን ያጠፋል የተባለው ሂተር ወድቆም ይበራል። ከሥሩ ያለችው ቁልፍ ተጣብቃ ነበር። ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ አብርታችሁ አጋድማችሁ ፈትኑት።

እስኪ እንደምረው። 2,600፣ 600፣ 2,900፣ 3,200፣ 450። 9,750 ብር! በመጨረሻ የገዛሁት ባለ 7 ክንፍ የዘይት ሂተር 13,500 ብር ነው። መጀመሪያውኑ 3,750 ብር ጨምሬ እሱን መግዛት እችል ነበር።

የመብራት ሂሳቡንም ላስላላችሁ። በየማታው ለሦስት ሰዓት ያህል ብታበሩ፣ ባለ ማራገቢያው በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ባለ ዘንጉ 72። የዘይቱ 1,500 ዋት ነው፤ ግን ሲሞቅ እየጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ እየበራ ስለሚሠራ በእኔ ቆጣሪ ከ90 አልዘለለም። ታሪፉ ደግሞ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። 180ው እንጀራ ከሚጋገርበት ጋር ሲደመር ወደ ውዱ እርከን ይገፋችኋል። «ይሄኛው ብዙ ያሞቃል፣ መብራት አይበላም» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ። ሦስቱም የበሉትን ያህል ነው የሚያሞቁት።

የዘይቱን የምወደው ግን ከሁሉ በላይ መብራት ስለሚጠፋ ነው። ባለ ማራገቢያው መብራት ከሄደ ያኔውኑ በረዶ ነው። የዘይቱ ውስጡ ያለው ዘይት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ እናቴ እንቅልፍ እስኪወስዳት ይደርሳል። ለመሞቅ ግን ሃያ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ ከመኝታ በፊት ቀድማችሁ አብሩት። ማታ ኃይሉ ሲወርድ ደግሞ የትኛውም ሂተር ይደክማል። 220 የነበረው 180 ቮልት ሲሆን ሙቀቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። «ተበላሸ» ብላችሁ ጠጋኝ ጋ አትሩጡ።

ብዙ ሰው «ዘይቱን በየስንት ጊዜው ልጨምር?» ይለኛል። አይጨመርም፤ ከፋብሪካ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ስትገዙ አንሡት፣ ቅልል ካላችሁ ተጠራጠሩ። አካሉ ብረት ስለሆነ ስፒናው የመሬት መስመር ያለው ይሁን። በዲቫይደር ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩት። ከአዲስ አበባ በመኪና ተጋድሞ ከመጣም ጥቂት ሰዓት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ከዚያ አብሩት። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ክንፎቹን ከሥር በነጭ ሶፍት ጥረጉ። ሶፍቱ ላይ ዘይት ከታየ በግማሽ ዋጋም ቢሰጧችሁ ትታችሁ ውጡ፤ እኔ ተበይዶ የዳነ አላየሁም።