ለድራም ቀረጻ የትኛውን ማይክ ልግዛ?

ድራም ለመቅዳት የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ኪክ፣ በእግር ስለሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ ማይክ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ሳውንድ ካርዳችሁ፣ ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው መሣሪያ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ማይክ ይቀበላል? ሁለት ብቻ ከሆነ፣ ሰባት ማይክ የታጨቀበትን ሻንጣ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። አራት ከሆነ ጥሩ ድራም ይቀዳል። ስምንት ካለ እያንዳንዱን ከበሮ ለብቻው መያዝ ይቻላል።

ገንዘባችሁ የተወሰነ ከሆነ ቅድሚያውን ለኦቨርሄዶቹ ስጡ፤ ከድራሙ በላይ ለሚሰቀሉት ሁለት ማይኮች ማለቴ ነው። ሲምባሉን፣ የብረት ሳህኖቹን፣ ብቻ የሚይዙ የሚመስላቸው አሉ። እንደዚያ አይደለም። ስኔሩንም (ከሥሩ ሽቦ ያለውን ጠፍጣፋ ከበሮ) ቶሙንም (ሽቦ የሌላቸውን ሌሎቹን ከበሮዎች) ክፍሉንም አንድ ላይ የሚሰሙት እነሱ ናቸው። ኪክና ስኔር አጠገብ የሚቆሙት ያንን ድምፅ የሚያጎሉ ናቸው። ኦቨርሄዱ መጥፎ ከሆነ የቀረውን የቱንም ያህል ብታሳምሩት ድራሙ አያምርም።

እዚህ ቦታ ኮንደንሰር የሚባለው የማይክ ዓይነት ይመረጣል። ዲያፍራሙ፣ በድምፅ የሚንቀጠቀጠው ስስ ሽፋን፣ ቀላል ስለሆነ የሲምባሉን ቀጭን ድምፅ በፍጥነት ይከተላል። ብዙዎቹ የ48 ቮልት ፋንተም ፓወር፣ በማይኩ ገመድ የሚላክ ኤሌክትሪክ፣ ይፈልጋሉ፤ ሳውንድ ካርዱ ይህ እንዳለው አረጋግጡ። ሮድ ኤንቲ5 እና ኖይማን ኬኤም184 ሁለቱም ትንንሽ ካርዲዮይድ (በዋናነት ከፊት የሚሰሙ) ኮንደንሰሮች ናቸው። ኬኤም184 ጥርት ያለና ዝርዝር የሚያወጣ ነው። ግን 9 ኪሎኸርዝ አካባቢ ድምፁን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ሲምባሎቻችሁ በራሳቸው የሚጮሁ ከሆኑ ጆሮ ይወጋል። ኤንቲ5 ዋጋው በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ ለመጀመሪያ ጥንድ እኔ እሱን እመርጣለሁ። በዋጋ የተረፈው ለሲምባል ወይም ለአዲስ የድራም ቆዳ ቢውል ለቀረጻው የበለጠ ይጠቅማል። ሲምባሉ ለስለስ እንዲልላችሁ ከፈለጋችሁ ደግሞ እንደ ኮልስ 4038 ያለ ሪበን ማይክ፣ በስስ የብረት ጥብጣብ የሚሠራ፣ አለ። ከፊትም ከኋላም እኩል ስለሚሰማ ክፍሉ ጥሩ መሆን አለበት። ጉልበት ያለው ፕሪአምፕም (የማይኩን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ) ይፈልጋል።

ወደ ኪክ እንምጣ። ሦስት ስሞች ደጋግመው ይነሳሉ፤ ኤኬጂ ዲ112፣ ሹር ቤታ 52ኤ እና ኦዲክስ ዲ6። ሦስቱም ዳይናሚክ ናቸው፣ ማለትም በሽቦ ጥቅልና በማግኔት የሚሠሩ፤ ልዩነታቸው ግን በደንብ ይሰማል። ዲ6 መካከለኛውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ የታቹንና የላዩን ያወጣል። ገና ሳይነካ ሚክስ የተደረገ ይመስላል። ለሮክና ለሜታል ግሩም ነው። ለጃዝ ወይም ለስለስ ላለ ዘፈን ግን አልመክረውም፤ የተቀነሰውን መሃል በኢኪው (ወፍራሙን፣ መሃሉንና ቀጭኑን ለየብቻ በሚያስተካክለው መቆጣጠሪያ) መመለስ አድካሚ ነው። ቤታ 52ኤ ታቹ ወፍራም ሆኖ 4 ኪሎኸርዝ አካባቢ ከፍ ስለሚል የቢተሩ (ኪኩን የሚመታው የፔዳሉ መዶሻ) ምት ጎልቶ ይወጣል። ሱፐርካርዲዮይድ (ከካርዲዮይድ ጠበብ አድርጎ የሚሰማ) ስለሆነ ከጎን የሚመጣውን በደንብ ይከላከላል። ዲ112 ከሦስቱ ወደ መሃል የሚጠጋ ነው፤ ለብዙ ዓይነት ሙዚቃ ይሆናል። የተለያዩ ባንዶችን ለምትቀዱ ዲ112ን ውሰዱ። የራሳችሁን ሙዚቃ ብቻ ከሆነ ለዚያ የሚስማማውን ምረጡ።

ስኔር ላይ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ሹር ኤስኤም57 ከ1965 ጀምሮ አለ፤ ዱላ ቢያርፍበትም በቀላሉ አይበገርም። ጊታር አምፕም የዘፋኝ ድምፅም ይቀዳበታል። ከእሱ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የመጀመሪያ ስኔር ማይክ አድርጎ ገዝቶ የሚጸጸት ሰው ግን አላየሁም።

ለቶም ምርጫው በሴንሃይዘር ኢ604 እና በኤምዲ421 መካከል ይመጣል። ኤምዲ421 ድምፁ የተሟላ ነው፤ ቤዙን የሚቀንስ ባለ አምስት ደረጃ መቆጣጠሪያም አለው። ችግሩ ትልቅ ነው፣ ማቆሚያ ይፈልጋል፣ ድራመሩ በሚወዛወዝበት ቦታ ይገባል። ኢ604 ቶሙ ጠርዝ ላይ ይነከሳል፤ አበቃ። ጠባብ ክፍል ላለው ሰው እኔ ኢ604ን ነው የምለው።

ታዲያ የሻንጣዎቹ ስብስብስ? መድረክ ላይ ለሚሠራ ሰው ምቹ ናቸው። ለቀረጻ ሲሆን ግን ርካሾቹ ውስጥ ኦቨርሄዶቹ ደካማ ሆነው ይገኛሉ፤ ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ነበር። አራት መግቢያ ላለው ሰው ሁለት ኤንቲ5፣ አንድ የኪክ ማይክና አንድ ኤስኤም57 ከብዙ ስብስብ የተሻለ ነገር ይሰጣሉ። ሁለት መግቢያ ብቻ ካላችሁ አንዱን ከድራሙ በላይ፣ አንዱን ኪክ ላይ አድርጉ። ድራሙ ሞኖ ይሆናል፤ ግን ሙሉ ነው።

ክፍሉ ባዶ ግድግዳና ዝቅተኛ ጣሪያ ከሆነ ኮንደንሰሩ ያንንም አብሮ ይቀዳል። መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ፍራሽ፣ ያገኛችሁትን አስገቡ።

ማይኮቹን ስትገዙ አንድ ሜትር መለኪያም ያዙ። ድምፅ 34 ሳንቲሜትር ለመጓዝ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አንዱ ኦቨርሄድ ከስኔሩ ሲርቅ ሌላው ሲቀርብ፣ ድምፁ በተለያየ ጊዜ ስለሚደርሳቸው ሁለቱ ሲደመሩ ስኔሩ ይሳሳል። ከስኔሩ መሃል እስከ ሁለቱም ማይኮች ለኩና እኩል አድርጉ። ያም ሆኖ ቀጥኖ ከተሰማችሁ፣ ሌላ ማይክ ከማሰባችሁ በፊት የስኔሩን ማይክ ፖላሪቲ፣ የሲግናሉን ፕላስና ማይነስ፣ ገልብጣችሁ አዳምጡት።