ስክሪን መለኪያ ወይስ ኅትመት መለኪያ? ለዳር ከተማ ማተሚያ ቤቶች የቀለም መሣሪያዎች ንጽጽር

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በገላን ባነርና ስቲከር የሚያትም ባለሙያ ከደንበኞቹ በብዛት የሚሰማው ቅሬታ ከሁለት አንዱ ነው፦ «በኮምፒውተር ያየሁት ቀለም ይህ አይደለም» ወይም «ባለፈው ካተማችሁልኝ ጋር አይመሳሰልም»። ቅሬታዎቹ አንድ ይምሰሉ እንጂ የተለያየ መሣሪያ ስለሚሹ፣ ገዢው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የትኛው እንደሚበረታበት ሊለይ ይገባል።

ከለሪሜትር ስክሪን ላይ ተቀምጦ ብርሃኑን በቀለም ማጣሪያዎች የሚለካ፣ ርካሽና ለአጠቃቀም ቀላል መሣሪያ ነው። የመጀመሪያውን ቅሬታ ያቃልላል፤ የታተመውን ባነር ግን አይለካም።

ስፔክትሮፎቶሜትር ዋጋው በብዙ እጥፍ የሚበልጠው ከኅትመቱ የሚንጸባረቀውን ብርሃን በሞገድ ርዝመት ከፋፍሎ፣ በተለመዱት የእጅ ሞዴሎች በየ10 ናኖሜትሩ፣ ስለሚያነብ ነው። ባለሙያው በሪፕ ሶፍትዌር (ፋይሉን ለማተሚያው በሚያዘጋጀው ፕሮግራም) የቀለም ሠንጠረዥ አትሞ በመሣሪያው ሲያነብ የእያንዳንዱን ቀለም መጠን ያስተካክላል፣ ለዚያ ማተሚያና ለዚያ ባነር ብቻ የሚሆን የአይሲሲ ፕሮፋይልም፣ ማለትም ማተሚያው ቀለሞችን እንዴት እንደሚያወጣ የሚገልጽ ፋይል፣ ያወጣል። ከዚያ በኋላ የቀለም ልዩነት የዓይን ክርክር መሆኑ ይቀርና ዴልታ ኢ በሚባለው ቁጥር ይገለጻል። ለናሙና ኅትመት የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት አይኤስኦ 12647-7 አማካዩ ልዩነት ከ2.5 እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ከመንገድ ማዶ ለሚታይ ባነር ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም፣ ለድርጅት መለያ ቀለም ግን ያስፈልጋል። ኢኮ ሶልቨንት የሚባለው በሟሟ የተሠራ የማተሚያ ቀለም በሚገባ ሳይደርቅ የተነበበ ሠንጠረዥ ስለሚያሳስት፣ በተለይ በክረምት ታግሦ መጠበቅ ግድ ነው።

ሦስተኛው አማራጭ ከማተሚያው ወይም ከቀለሙ ሻጭ የሚገኘው ዝግጁ ፕሮፋይል ነው። ያለ ተጨማሪ ወጪ ይገኛል፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የማተሚያ ቀለምና አንድ ዓይነት የባነር ጥቅል ለሚጠቀም ሰውም ይበቃል። ችግሩ፣ ዛሬ ከመርካቶ የመጣው ጥቅል ነገ ላይገኝ መቻሉና የሚተካውም ንጣቱ ሌላ መሆኑ ነው፤ ያኔ ፕሮፋይሉ የማያውቀውን ነገር እንዲያስተካክል ይጠየቃል። በእኔ ግምት «አይመሳሰልም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚደጋገምና ደንበኞቹ ድርጅቶች የሆኑለት ማተሚያ ቤት በቀጥታ ወደ ስፔክትሮፎቶሜትር ቢሄድ ይሻለዋል፤ ስክሪንንም የሚለኩ ሞዴሎች ስላሉ ከለሪሜትር ለብቻው መግዛት ላያስፈልገው ይችላል። ዋጋው ከከበደ ሦስት አራት ጎረቤት ማተሚያ ቤቶች እንደ ዕቁብ አዋጥተው በጋራ ቢገዙት አይከፋም፤ መሣሪያው በየዕለቱ ሳይሆን ጥቅል ወይም ቀለም ሲቀየር የሚፈለግ ነውና። ለሠርግ ጥሪና ለአንድ ጊዜ ማስታወቂያ ብቻ ለሚሠራ ግን ዝግጁ ፕሮፋይልና ከለሪሜትር ይበቁታል። የትኛውም ቢገዛ፣ ኅትመቱ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ቢጫ አምፖል ከታየ ልኬቱ ከንቱ ስለሚሆን፣ ለማነጻጸሪያ 5000 ኬልቪን የሆነ፣ የቀን ብርሃን የሚመስል ነጭ መብራት አንድ ጥግ ላይ ይተከል።

ስፔክትሮፎቶሜትር ሲገዛ ኤም1 የሚባለውን፣ አልትራቫዮሌት ጨረርን ባካተተ ብርሃን የሚወሰድ ልኬት ማንበቡ ይጠየቅ፤ ማንጫ ኬሚካል የበዛበትን ወረቀት በትክክል ለመለካት ይጠቅማል። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ነጩ የማስተካከያ ሰሌዳ አብሮት መኖሩና መለያ ቁጥሩ ከመሣሪያው ጋር መግጠሙ ይታይ፤ ካልገጠመ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አይገዛ።