በቀበሌያችን የሚሰጠው የእናቶችና የሕፃናት ምግብ ትምህርት፦ የአንዲት ባልትና ነጋዴ አስተያየት

ጅማ ውስጥ ባልትና እነግዳለሁ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና የሕፃናት ምጥን ዱቄት አዘጋጅቼ የምሸጥ ሴት ስለሆንኩ፣ ስለ ገንፎ ላስተምርሽ የሚለኝን ሰው በቀላሉ አላምንም። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚሰጡትን የምግብ ዝግጅት ትምህርት ግን የልጅ ልጄን አዝዬ፣ ምራቴን አስከትዬ እከታተላለሁ። ክፍያ የለውም። ነፍሰ ጡር ወይም ጨቅላ ልጅ ያለበት ቤተሰብ ሁሉ እንዲሄድ እመክራለሁ፤ ያልወደድኩትንም አልደብቅም።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ የተካፈልኩበት ትምህርት ዓሣ፣ አይብና ፖም በሥዕል አሳይቶ ነበር የሸኘን። እዚህ ባለሙያዋ ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችው ‹‹ዛሬ ጓዳችሁ ውስጥ ምን አለ?›› ብላ ነው። በቆሎ፣ ጎደሬ፣ ጎመን፣ ዱባ፣ አቮካዶ ተባለ። በዚያው ሠራች። አማርኛና አፋን ኦሮሞ እያፈራረቀች ስለምታስረዳ ዝም ብላ የምትቀመጥ እናት የለችም።

ዱቄቱ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ነው። ገንፎው ሲፈላ በደቃቁ የተከተፈ ጎመን ጨመረችበት፤ እንቁላል መትታ አዋሐደችው፤ ከእሳት ሲወርድ ደግሞ የበሰለ አቮካዶ አድቅቃ ለወሰችው። ከዚያ ማንኪያውን ዘንበል አደረገችው። ገንፎው ቀስ ብሎ ተንሸራተተ እንጂ አልፈሰሰም። ‹‹እንደ ውኃ የሚወርደው ሆድ ይሞላል፣ ልጅ ግን አያሳድግም›› አለች። ስድስት ወር የሞላው ልጅ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ የሚጎርሳት እያንዳንዷ ማንኪያ ፍሬ ሊኖራት ይገባል። እስከ ስድስት ወር ድረስ ግን የእናት ጡት ብቻ፤ ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። ብዙ ደንበኞቼ ልጁ አራት ወር ሳይሞላው ለአጥሚት ዱቄት ሊገዙ ስለሚመጡ ይህን ስትደጋግም ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የማረከኝ ለሰው ልማድ ያላት አክብሮት ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ወተትና ሙዝ እንደማትበላ ተናገረች፤ ፅንሱ ላይ ይለጠፋል ተብላ ነው። ባለሙያዋ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ከኋላ ወደተቀመጡት አሮጊት ዞር ብላ ‹‹እማማ፣ እርስዎ ልጆችዎን ሲያረግዙ ወተት ይጠጡ ነበር?›› ስትል ጠየቀች። ‹‹ላሜ ስትታለብ አልቀረብኝም፤ ሁሉም በሰላም ነው የተወለዱት›› አሉ። ባለሙያዋ የጨመረችው ትንሽ ነበር፤ ምግቡ በሆድ ዕቃ እንደሚሄድና ፅንሱ ያለው በማህፀን እንደሆነ በእጇ ሆዷ ላይ አሳየች። ነፍሰ ጡሯ ሙዙን ተቀበለች።

የቡናውም ነገር እንዲሁ ነው። ጅማ ላይ ቆሞ ቡና ተዉ የሚል ሰው ማን ይሰማዋል? እሷ ያለችው ሌላ ነው፦ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ከምግቡ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን በሚገባ እንዳይወስድ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከበላች በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ትታገሥ፣ ሲኒውንም ታሳንስ። በእኛ ቤት ምሳ ተበልቶ፣ ሳህን ታጥቦ፣ ከዚያ በኋላ ነው አሁን ቡናው የሚቆላው። ጀበናው ቦታውን አልለቀቀም።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. በገጠር ሲጀመር ብዙ ሰው የሚያውቀው በመጸዳጃ ቤትና በክትባት ነበር። ምግቡ የዚያን ያህል ትኩረት ማግኘት አለበት። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። አቮካዶ መሬት ላይ ወድቆ በሚበሰብስበት በእኛ አካባቢ ልጅ ሲቀነጭር ማየት ያንገበግበኛል። መቀንጨርን ባትለካም፣ ልጅ ሲከሳ የምታሳየውን የክንድ ዙሪያ መለኪያ ጥብጣብም እወዳታለሁ፦ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ልጅ ላይ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቢጫ፣ ከ11.5 በታች ቀይ ታሳያለች፤ ቀይ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አንደኛ፣ የዱቄቱ አዘገጃጀት ተቻኩሏል። አኩሪ አተርና በቆሎ አንድ ምጣድ ላይ አብረው አይታመሱም፤ አንዱ ሲያርር ሌላው ጥሬ ይቀራል፤ በደንብ ያልበሰለ አኩሪ አተር ደግሞ ለሕፃን ሆድ አይስማማም። እያንዳንዱ ለብቻው ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታምሶ ነው ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄደው። የሻገተ በቆሎ ጉዳይ ጨርሶ አልተነሣም። ዝናብ በማይለየው በጅማ ክረምት እህል ቶሎ ይሻግታል፤ የሻጋታው መርዝ በመታጠብም በመቀቀልም አይጠፋም። ይህን ለባለሙያዋ ነግሬአታለሁ። ‹‹እትዬ፣ በሚቀጥለው እርስዎ ያሳዩልን›› አለችኝ፤ ወንፊቴንና ምጣዴን ይዤ እሄዳለሁ።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ጠዋት በሥራ ሰዓት ስለሆነ ጉልት የምትቸረችር፣ በቀን ሥራ የምታድር እናት ልትመጣ አትችልም፤ ከማንም በላይ የሚያስፈልጋት ግን እሷ ናት። ከሰዓት በኋላ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ቢደረግ ወይም እሑድ ቢጨመር ብዙ ሰው ይመጣል። አባቶችም በስም ይጠሩ። እንቁላሉ ለገበያ ይውጣ ወይስ ለልጁ ይቅር የሚለውን በብዙ ቤት የሚወስነው አባት ነው፤ ያንን ገንፎ በዓይኑ አይቶ ቢቀምስ ምራቴም ሌሎቹም እናቶች ቤት ሲገቡ ብቻቸውን አይሟገቱም።